ለዘገየችው ጣት የተጨመረ ምት

የግራ እጄ የቀለበት ጣት መዘግየት የጀመረችበትን ቀን አላውቀውም። ያወቅሁበትን ቀን ግን አስታውሳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በምንጫወትበት የወልድያ ሆቴል መድረክ ላይ ነበርኩ። እኔ ጊታር እጫወታለሁ፤ ከአሥር ዓመት በላይ አብሮኝ የሠራው ጓደኛዬ ኪቦርድ ይጫወታል፤ ዘፋኞቹ ይለዋወጣሉ። በሥራ ቀን መርሳ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ጊታሬን ጭኔ ላይ አቅፌ በሚኒባስ ወደ ወልድያ እሄዳለሁ።

ያን ቀን አንድ የአምባሰል ዜማ ስንጫወት፣ ስንት ጊዜ የተመላለስኩበት ቦታ ላይ፣ ሌሎቹ ጣቶቼ በሰዓታቸው ሲደርሱ የቀለበት ጣቴ ቀረች። ክሩን ነካችው እንጂ አልተጫነችውም። በዜማው ፈንታ ደረቅ ኳኳታ ወጣ።

ጓደኛዬ ከኪቦርዱ ቀና ብሎ አየኝ። ለእረፍት ስንወርድ «ምነው፣ እንቅልፍ አጥተሃል እንዴ?» አለኝ።

«ክሩ አርጅቷል፤ መቀየር አለበት» አልኩት።

ክሩን የቀየርኩት ከሦስት ቀን በፊት ነበር።

ለባለቤቴ ሳልነግራት ቆየሁ። ትንሿ ጣቴም መደንዘዝ ስትጀምር ጠዋት ጠዋት እጄን ሙቅ ውሃ ውስጥ እነክር ጀመር። ቀጥዬ መርሳ ገበያ አጠገብ ያሉ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። በቅባት አሽተው «ብርድ ገብቶበታል» አሉኝ። ሲያሹኝ ደስ ይላል፤ ለሁለት ቀን የተሻለኝ ይመስለኛል፤ ከዚያ ያው ነው። እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። አንድ ነገር ሲበላሽ ምክንያቱን ፈልጉ እያልኩ ልጆች የማስተምር ሰው፣ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ በያዝኩ ቁጥር ከፊቴ ያለውን የራሴን እጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁትም። ማየት አልፈለግሁም ብል ይሻላል።

ያየችው ባለቤቴ ነች። አንድ እሁድ ጠዋት ሸሚዜን ስትተኩስ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነበር። ካውያውን አቆመችው።

«እጅህ ምን ሆኖ ነው?»

«ምን ሆነ?»

«ቀኝህን አምጣ እስቲ።»

ሁለቱን እጆቼን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የግራው፣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው ሥጋ ሟሙቶ ጎድጉዷል። ቀኙ የእኔ እጅ ነው። ግራው የታመመ ሽማግሌ እጅ ይመስላል። ባለቤቴ ጣቷን ጎድጓዳው ውስጥ አስገብታ ዳሰሰችውና ወደ ሸሚዙ ተመለሰች።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቀን ደሴ ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ክርኔን በመዶሻው ነካ ነካ አደረገ፤ ጣቶቼን እንድዘረጋ፣ ወረቀት በጣቶቼ መሐል ይዤ እንዳላስነጥቅ አዘዘኝ። ወረቀቱን ያለ ምንም ትግል ወሰደው።

«በክርንዎ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተጨምቋል» አለ። «ቀደም ብለው ቢመጡ ጥሩ ነበር።»

«ጊታር እጫወታለሁ» አልኩት። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም፤ የሚቀንስልኝ ነገር ያለ መስሎኝ ይሆናል።

«ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ይሠራል። ባለበት እንዲቆም ያደርገው ይሆናል። የሄደው ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ስንመለስ ውርጌሳን አለፍን። ባለቤቴ «በዓመቱ መጨረሻ፣ ትምህርት ሲዘጋ እንሄዳለን» አለች። እሺ አልኳት። ልቤ ግን ቀዶ ሕክምናውን እየፈራ ነበር፤ ቢቆርጡኝ ያለችውም ትንሽ ነገር የምትጠፋ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ጓደኛዬ ወልድያ ላይ ወደ ጎን ወሰደኝ። ሆቴሉ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ሲከፈት ሁለታችንን መልሶ ያስቀጠረን እሱ ነው። ዓይኔን ሳያይ «ትንሽ ዕረፍት ብትወስድ ምን ይመስልሃል?» አለኝ። «የጊታሩን እኔ ከኪቦርዱ አወጣዋለሁ፤ አሁን ሁሉም ድምፅ አለው።» ድምፁን አሰማኝ። ከእኔ ጊታር የጠራ ነበር። አልተቀየምኩትም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ከዚህ የለሰለሰ ቃል አላገኝም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት መርሳ ውስጥ ምን እንደሚደረግበት አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ቅዳሜ የተማሪ ፈተና ሳርም ዋልኩ፤ ሁለተኛውን ተኛሁ። በሦስተኛው ጊታሩን አንስቼ ጓሮ ወጣሁና ያቺን ስድስት ምት ያላትን አጭር የአምባሰል ሐረግ ሞከርኩ። አራተኛው ምት ላይ ጣቴ እንደተለመደው ቀረች። ደገምኩት፤ ቀረች። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ያህል ደጋገምኩት። ከዚያ ደክሞኝ ነው መሰለኝ፣ ቆሜ ጠበቅኳት። አንድ ሙሉ ምት ባዶውን አሳለፍኩ፤ ጣቴ እየተጎተተች ደርሳ ክሩን ተጫነችው፤ ዜማው ቀጠለ። ስድስት የነበረው ሰባት ሆነ።

ሰባቱ ጥሩ ነበር። ሳልዋሽ ለመናገር፣ ከስድስቱ ይበልጥ ነበር። በመሐል ያለችው ባዶ ምት ሰው ሊናገር አስቦ ትንፋሹን ሲውጥ ያለውን ዝምታ ትመስላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ሰው ያልሆነ ነገር እጄ ላይ አገኘሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ሰዓት በፊት ጓሮ እቀመጣለሁ። ኖታ መጻፍ በደንብ አልችልም። ስለዚህ አሮጌ የተማሪ ስም መጥሪያ ደብተር ወሰድኩና አንዱን ሳጥን አንድ ምት አድርጌ በእርሳስ እሞላው ጀመር። ከሰባቱ ተነሥቼ የምደርሰው ዜማ በዝግታ ይጀምራል፤ ጠዋት እጄ ደርቆ ስለሚነሣ ከዚያ የፈጠነ ነገር አይወጣውም። ሁለተኛው ክፍል ፈጣን ነው፤ ባልታመሙት ሁለት ጣቶችና ጣት ሳይጫናቸው በሚመቱ ልቅ ክሮች ብቻ አምስት አምስት እየቆጠረ ይሮጣል። ሦስተኛው ሰባቱ ነው፤ ፍጥነቱ እዚያ ላይ በግማሽ ይወርዳል። የመጨረሻው ወደ ዝግታው ይመለሳል፤ ምቱ ግን በየመስመሩ እየተለዋወጠ ነው።

በቆርቆሮው አጥር ማዶ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉን። በጉልምስናቸው በሀብሩ ገጠር መንዙማ በሚባልበት ሁሉ ድቤ ይመቱ ነበር ይባላል። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ጠዋት ከሶላት በኋላ ፀሐይ ለመሞቅ አጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። አንድ ጠዋት በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«መምህር።»

«አቤት አባባ።»

«ያቺን የምትሰነካከለዋን ደግመህ ምታት እስቲ።»

መታኋት። እሳቸው አንድ ነገር እየመቱ ተከተሉኝ፤ በኋላ ሳይ ባዶ የውሃ ጀሪካን ነበር። ሰባቱን አንድም ሳይስቱ ያዙት። ወደ አምስቱ ስገባም ገቡ። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛዬ ቢሆን ሳይቆጥር የማይገባበትን ቦታ እሳቸው እየሳቁ ገቡበት።

«እንዴት ቆጠሩት አባባ?» አልኳቸው።

«ኧረ እኔ መቁጠር የት አውቄ። መንዙማም እኮ በቀስታ ተነሥቶ ኋላ ይጋልባል፤ ሰዉ የሚሄድበትን እያየህ ነው የምትመታ። አንተ ግን ብቻህን ነህ፤ የማን ልብ እንደሆነ እንጃ የምትከተል።»

ስለ እጄ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አብሽር» አሉ በመጨረሻ። «አሏህ ያሽርህ። እስከዚያ ግን ምታት።»

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አብረን ነበርን፤ እሳቸው ከአጥሩ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ሁለት ወር ያህል። በሕይወቴ የቀረችኝ ደስታ ያቺ ብቻ ነበረች ብል ባለቤቴን እበድላለሁ፤ እውነቱ ግን ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ችግሩ ድርሰቱ አለማለቁ ነው። ደብተሩ ላይ ሰባት ብዬ ሞልቼ ሳምንት ሳይሞላው ጣቴ በሰባት አትደርስም። አንድ ምት ልጨምርላት ስል ስምንት ይሆናል፤ ስምንት ሲሆን ደግሞ ሁሉ ነገር እኩል ይሆንና ሕይወቱ ይጠፋል። ስለዚህ ከሚቀጥለው መስመር አንድ ምት እወስዳለሁ፤ ያን ጊዜ የሚቀጥለው ይጣደፋል። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይፈርሳል። እርሳሱን አጠፋለሁ፣ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። የስም መጥሪያው ወረቀት ከመፋቅ ብዛት ቀዳዳ አወጣ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ እኔ ዜማ እየደረስኩ አይደለም፤ የበሽታውን ፍጥነት እየተከተልኩ የደረሰበትን እመዘግባለሁ። እሱ ደግሞ ከእኔ ይቀድማል።

አንድ ቀን ባለቤቴ የቁርስ ሻይ ይዛልኝ መጥታ «አያልቅም እንዴ ይሄ ነገር?» አለችኝ። ለመውቀስ አልነበረም። እጄን እያየች ነው የጠየቀችኝ።

«ያልቃል» አልኳት።

አለቀ ያልኩት ትምህርት ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ነው። የተሻለ ስለሆነ ሳይሆን ከዚያ በላይ መጠበቅ ስላልቻልኩ ነበር። ርዕሰ መምህራችን ለወላጆች በዓል እንድጫወት ጠየቀኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ እሺ አልኩት። ጣቴ ከሳምንት በኋላ የት እንደምትሆን አላውቅም፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ሰው ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብወጣው በቃኝ ብዬ ነበር።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከመርሳ ከተማም፣ በዙሪያው ካሉ የገጠር ቀበሌዎችም ወላጆች መጥተዋል። ጎረቤቴ አዛውንት ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ባለቤቴ አጠገብ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዝግታው ክፍል ላይ ሰዉ ጸጥ አለልኝ። አምስቱ ላይ መቅበጥበጥ ጀመረ። ፈጣን ስለሆነ ደስ አላቸው፤ የሚጨፈርበትን ቦታ መፈለግ ጀመሩ። ወደ ሰባቱ ወርጄ ፍጥነቱን ሳለዝበው፣ ከመሐል ወንበሮች አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። መልካም ሰው ነው፤ የእኛው ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ የተደናገርኩ መስሎት ሊደግፈኝ አስቦ ነው። ጭብጨባው ችክችካ ነበር፤ ሁላችን ከእናታችን ጀርባ ላይ ሆነን የለመድነው ስድስቱ። አሥር ሰው ተከተለው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ።

ባዶዋን ምት በጭብጨባ ሞሏት። ጣቴ ልትደርስ ስትል እነሱ አልፈዋታል። የአዛውንቱ ምርኩዝ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ፤ ሰባቱን ይዘውልኛል፤ አንገታቸውን ወደ እኔ አቅንተው በደከመ ዓይናቸው እየፈለጉኝ ይመታሉ። ሁለት መስመር ያህል በእሳቸው ምርኩዝ ሄድኩ። በሦስተኛው ምርኩዙም ጠፋብኝ። ትንሿ ጣቴ ታጥፋ መዳፌ ውስጥ ገባች፤ ልዘረጋት አልቻልኩም።

ተውኩት። በቀሩኝ ሁለት ጣቶች ወደ አንድ የታወቀ የሠርግ ጨዋታ አዘነበልኩ፤ ለጭብጨባቸው የሚሆን ስድስት። አዳራሹ ተነሣ። እናቶች ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ እልልታ ሆነ። ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ መድረክ ላይ ወጥቶ አቀፈኝና «ደስ አሰኘኸን፤ መጀመሪያ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎብህ ነበር» አለኝ።

ወደ ቤት በባጃጅ ስንመለስ አዛውንቱ ከኋላ በእኔና በባለቤቴ መሐል ተቀምጠው ነበር። ሰፈራችን ስንደርስ «ተውከው» አሉኝ።

«ተውኩት አባባ።»

«ምን ታደርግ። ብዙ ነበሩ።»

ከሁለት ቀን በኋላ ባለቤቴ ስልኳን አቀበለችኝ። ለካ አንድ ጠዋት ጓሮ ስጫወት በማእድ ቤቱ መስኮት ቀድታኝ ኖሯል፤ ድርሰቱን ሙሉውን፣ ከአዛውንቱ ጀሪካን ጋር። «ቢያንስ ይሄ አለ» አለችኝ። ፊቷ ላይ የነበረውን ተስፋ አስታውሰዋለሁ። ያኔ ራሴ ልሰማው አልደፈርኩም። ወደ ስልኬ ላክሁትና ቅዳሜ ወልድያ ወጣሁ፤ ለጓደኛዬ ላሰማው። ሙዚቃ የሚያውቅ እሱ ነው፤ እሱ ከሰማው የሆነ ቦታ የገባ ያህል ይቆጠራል ብዬ ነው።

መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ከልቡ ነበር የሰማው፤ ይህን አልክድም። እኔ ፊቱን እያየሁ በውስጤ እየቆጠርኩ ነው። ዝግታው አለፈ። አምስቱ ላይ በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ሰባቱ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፤ ግንባሩ ትንሽ ተቋጠረ። እስከ መጨረሻው ሰምቶ ማዳመጫውን አወጣ።

«ጥሩ ነው» አለ። «የምሬን ነው፣ ጥሩ ነው። ይሄ ጀሪካን የሚመታው ሰውዬ ማነው?»

«ጎረቤቴ ናቸው።»

«አሪፍ ናቸው።» ሻዩን አማሰለ። «እዚች መሐል ላይ ግን ተሳስተሃል፣ አይደል? ጣትህ ቀርታብህ ነው። እሳቸው ጠብቀውህ ነው የያዙልህ።»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። አይ፣ የጻፍኩት ነው፣ ሆን ብዬ ነው፣ ከሁሉ የምወዳት ቦታ እሷ ነች ልለው እችል ነበር። ነገር ግን ማዳመጫውን ተቀብዬ ቦታዋን ራሴ ሰማኋት። ሰማኋትና እውነት የሚለው እሱ መሰለኝ። የታመመ እጅ የሚደናቀፍበት ድምፅ ነው እንጂ ሌላ ነገር አልሰማሁበትም። ደግሜ ሰማሁት። ያው ነው።

«አዎ» አልኩት። «ተሳስቻለሁ።»

«አይዞህ፣ ሲሻልህ ደግመህ ትቀዳዋለህ» አለኝ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያው ውስጥ ተቀምጬ ቅጂውን ከስልኬ አጠፋሁት። ቤት ስገባ ከባለቤቴም ስልክ ላይ አጠፋሁ። ስታውቅ አልጮኸችም፤ «እሱ እኮ የእኔ ነበር» ብቻ አለች። እስከ ዛሬ ይቅርታ የምጠይቅበት ቃል አላገኘሁም።

ክረምቱን አዲስ አበባ ሄደን ቀዶ ሕክምናው ተሠራልኝ። ሐኪሙ እንዳለው ሆነ፤ ባለበት ቆመ። ሁለት ጣቶቼ እንደታጠፉ ናቸው፤ ሸሚዝ ስቆልፍ ቀኜ ይረዳኛል። ጊታሩ ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ ክሮቹን አላልቼ አስቀምጬዋለሁ።

አዛውንቱን በዚያው ዓመት ልጃቸው ወደ ሐራ ወሰደቻቸው፤ ዓይናቸው ጨርሶ ስለጠፋ ብቻቸውን መኖር አልቻሉም። ባለፈው ጊዜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በድምፄ አወቁኝ። እጄን ይዘው የታጠፉትን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ሌላው አለ» አሉ። ጥቂት ካወራን በኋላ የወንበራቸውን እንጨት መምታት ጀመሩ። የእኔው ነበር። ዝግታውን መቱት፣ ወደ አምስቱ ገቡ፣ ሮጡ፤ ከዚያ ቆሙ።

«ከዚህ ቀጥሎ ምን ነበር መምህር? አንዷ ጠፍታብኛለች።»

አሰብኩ። ሰባት እንደነበር አውቃለሁ። የትኛው ሰባት እንደሆነ ግን፣ ባዶዋ ምት ከማን ቀጥላ እንደምትመጣ፣ ዜማው በየት በኩል ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። እጄ የማይመታውን ጭንቅላቴ አልያዘውም። ስም መጥሪያው ደብተርም በፋቅኩትና በጻፍኩት ብዛት የሚነበብ አይደለም።

«እኔም ረስቼዋለሁ አባባ» አልኳቸው።

ትንሽ ጠበቁኝ፤ የማስታውስ መስሏቸው። ከዚያ እጃቸውን ከእንጨቱ ላይ አንሥተው ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፤ መርሳ ላይ እንዴት እንደዋለ። ደህና ነው አልኳቸው። ልጃቸው ምሳ አቀረበችልን፤ በላን። አመሻሽ ላይ ወልድያ ገብቼ የመርሳ ሚኒባስ ያዝኩ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀችኝ፤ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል አልኳት።